ከሮቤ ወደ ሃረና፣ ቴርሞሜትር ይዘን

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው ሚኒባስ እስኪሞላ የሚፈጀው ጊዜ ከመንገዱ ይበልጣል። ከጎባ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ የገብሱን ማሳ፣ ከዚያ ጥዱንና ኮሶውን፣ ከዚያ ደግሞ አስታውን ወደ ኋላ እየተወ ሽቅብ ይወጣና ሳነቲ አምባ ላይ ያደርሳችኋል። ከፍታው 4,000 ሜትር ያልፋል። በስተቀኝ ቱሉ ዲምቱ ተራራ በ4,377 ሜትር ቆሟል። አምባው ሲያልቅ መሬቱ በድንገት ይከዳችኋል፤ መኪናው በጥምዝማዛው እየወረደ ሪራ ይደርሳል፣ ሃረና ደን ውስጥ ይሰጥማል፣ በመጨረሻም ደሎ መና ላይ ከቆላው ሙቀት ጋር ያገናኛችኋል። ጠዋት ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ ይፈልጋል።

ይህን መንገድ ድሮም አውቀዋለሁ። በዚህኛው ጉዞ የተለየው በቦርሳዬ የያዝኩት ዕቃ ነበር፤ የክትባት ማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር። የሕክምናው ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች ስለማያነብብ ለምንፈልገው ሥራ አይሆንም። ይሄኛው ከዜሮ በታችም ያነባል። ከአንዲት የሙያ ባልደረባዬ የግል ክሊኒክ ተውሼ ነው። ቴርሞሜትሩን ያስያዘኝ ደግሞ ሮቤ፣ እህቴ ቤት ያለ የዓሣ ሳጥን ነው።

የእህቴ የልጅ ልጅ የ12 ዓመት ልጅ ናት። አጎቷ ከአዲስ አበባ ሲመጣ 14 ዓሦች በላስቲክ ከረጢት ይዞላት መጣ፤ አራት ወርቃማ ዓሣና አሥር ጋፒ የሚባሉ፣ ጭራቸው እንደ ሻሽ የሚርገበገብ ትንንሾች። 430 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዘው ገቡ። ሳጥኑን ሮቤ ያለ መስታወት ቆራጭ ሠራላት። የቧንቧ ውሃ ተሞላ፣ ዓሦቹ በዚያው ምሽት ገቡ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ወርቃማ በጀርባው ተንሳፎ ተገኘ። እኔ በእንግድነት ስደርስ ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ነበር፤ የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው። ልጅቷ እየተቆጣች እንጂ እያለቀሰች አልነበረም። «እማማ፣ አንቺ ነርስ አይደለሽ? ምን እንደገደላቸው ንገሪኝ» አለችኝ።

ዓሣ አክሜ አላውቅም። ወረርሽኝ ግን አይቻለሁ፣ የወረርሽኝ አጠያየቅ ደግሞ ለሰውም ለዶሮም ለዓሣም አንድ ነው። ማን ታመመ? መቼ ታመመ? የት ነበረ? ምን በላ፣ ምን ጠጣ? ከታመሙትና ካልታመሙት መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? ደብተር አምጪ አልኳት። የሞቱበትን ቀን፣ ዓይነታቸውን፣ ከመሞታቸው በፊት የታየባቸውን ጻፈች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከሷ የበለጠ የሚያስታውስ በቤቱ አልነበረም።

ዝርዝሩ ተጽፎ ሲያልቅ ሞቱ ሁለት ማዕበል ሆኖ ታየን። ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ስድስት ሞቱ፤ ሁሉም ከመሞታቸው በፊት ጎሕ ሲቀድ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ነበር፤ አካላቸው ላይ ግን ቁስል አልነበረም። ከዚያ ሁለት ቀን ጸጥታ። ከዚያ መብራት ሁለት ሌሊት ጠፋ፤ ወዲያው ሌሎች ሦስት፣ እነዚህ ግን ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጫጭ ነጥብ አውጥተው፣ ሰውነታቸውን ድንጋይ ላይ እያሻሹ ሞቱ። ሁለት ማዕበል፣ ሁለት ዓይነት ምልክት። አንድ በሽታ ነው ብሎ አንድ መድኃኒት መፈለግ ዋጋ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ማዕበል በሽታም አይደለም፣ መመረዝ ነው። ዓሣ የሚጸዳዳበትንና የሚተነፍስበትን ውሃ መለየት አይችልም። ከስንጥቡም ከኩሱም አሞኒያ ይወጣል፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም እንዲሁ። ወንዝ ውስጥ ይህ ታጥቦ ይሄዳል። ሳጥን ውስጥ ግን የሚያስወግደው የሚጨበጥ ነገር የለም፤ በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ካልሆኑ በስተቀር። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ኒትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ኒትራይቱን ብዙም ጉዳት ወደሌለው ኒትሬት ይለውጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቁጥር በቅተው ሥራ እስኪጀምሩ በአዲስ ሳጥን ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እነዚያ 14 ዓሦች ገና መጸዳጃ ቤት ባልተሠራለት ካምፕ እንደ ሰፈሩ ሰዎች ነበሩ።

ኒትራይት ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ ነገር ያበላሸዋል፤ ስንጥባቸው ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣው ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ይታፈናል። ይህን ሳነብ ትምህርት ቤት የተማርነው የጨቅላ ሕጻናት መጥቆር ትዝ አለኝ፤ ኒትሬት በበዛበት የጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጣ ጨቅላ ከንፈሩ የሚጠቁርበት። መንገዱ አንድ ነው።

እህቴ በበኩሏ ንጹሕ ሴት ናት፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓሣ በሞተ ቁጥር ውሃውን ሁሉ ደፍታ፣ ድንጋዩንና ማጣሪያውን በሳሙና ፈትጋ፣ በአዲስ የቧንቧ ውሃ ትሞላዋለች። «ከቆሻሻ በሽታ እንዳይዛቸው» ትላለች። ለሕሙማን ክፍል ልክ ናት። እዚህ ግን ያጸዳችው የሚያጸዱትን ነበር። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ሲኖረው ደግሞ ስንጥብ ያቃጥላል፤ እኛን ከተቅማጥ የሚያድነን ክሎሪን ለዓሣ መርዝ ነው። ሰፊ ዕቃ ውስጥ ተቀድቶ አንድ ቀን ቢያድር አብዛኛው ይበንናል። ልጅቷም የቤቱም ሰው በቀን ሦስት ጊዜ የዳቦ ፍርፋሪ ይጥሉላቸው ነበር፤ እንግዳም በመጣ ቁጥር ይጥላል። የዓሣ ሆድ ከዓይኑ አይበልጥም። አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ፣ በቂያቸው ነው።

በዚህ ላይ የሮቤን ከፍታ ጨምሩበት። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ለተቀመጠ ሰው የተጻፈ የአኳሪየም መመሪያ ሮቤ ላይ ሲሠራ ዓሦቹን ቁጥራቸውን መቀነስ፣ ውሃውንም አየር ማስነፈስ ያስፈልጋል። ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ መውጣታቸው የመጣው ከዚህም ነው።

ሁለተኛውን ማዕበል ያመጣው ብርድ ነው። ጋፒ የሞቃት አገር ዓሣ ነው፤ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይወዳል። ሳጥኑ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረ። መብራት ሲጠፋ ግን ማሞቂያውም አየር መንፊያውም አብረው ይሞታሉ። በተዋስኩት ቴርሞሜትር ስለካው፣ መብራት በጠፋበት በሌላ ሌሊት ማግስት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 16 ዲግሪ ነበር። ብርድ የመታው ዓሣ መከላከያው ይዳከማል፤ ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስ ያን ጊዜ ያገኘዋል። ተሕዋሱ ቆዳው ሥር ተቀብሮ ያድጋል፣ ወድቆ ከሳጥኑ ግርጌ ይጣበቃል፣ እዚያ በመቶዎች ተባዝቶ እየዋኘ ሌላ ዓሣ ይፈልጋል። ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይነካውም፤ የሚሞተው እየዋኘ በሚፈልግበት ወቅት ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናውን ማቆም የወባ ክኒን ትኩሳቱ ሲበርድ እንደ ማቋረጥ ነው። ውሃውን ቀስ በቀስ ማሞቅ፣ በሊትር አንድ ሁለት ግራም ጨው መጨመር፣ ከነጥቡ መጥፋት በኋላም አንድ ሳምንት መቀጠል። ሳጥኑን መብራት በሚጠፋበት ሌሊት በብርድ ልብስ መጠቅለልና በትኩስ ውሃ የተሞላ የታሸገ ጠርሙስ ውስጡ ማንሳፈፍም ይረዳል። ወርቃማው ዓሣ ግን ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ነው፤ ከጋፒ ጋር በአንድ ሳጥን መኖሩ አንዱን ለማስደሰት ሌላውን ማስቸገር ነው። ሻጩ ይህን ሊነግራቸው ይገባ ነበር።

ለቤተሰብ አንባቢ አንድ ነገር ላክል። የዓሣ ሳጥን ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1926 ፊላዴልፊያ ከተማ ባለ አኳሪየም በሞቱ ዓሦች ላይ ነው የታወቀው። እጁ ላይ ጭረት ያለው ሰው ሳጥኑን ሲያጥብ ሊገባበት ይችላል፤ የሚወደው ሙቀት ከሰውነታችን ያነሰ፣ 30 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጣትና ክንድ ላይ እየቀረ ለሳምንታት የማይድን እብጠት ያወጣል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ዓሣ አለኝ» ማለት አትርሱ፤ ካልተናገራችሁ ማንም አይጠረጥረውም። ውሃውን በቱቦ ለመቅዳት በአፍ መሳብም ይቅር።

ወደ ሃረና ያስኬደን ግን የልጅቷ ሌላ ሐሳብ ነበር። «የቀሩትን ሻያ ወንዝ ልልቀቃቸው? እዚያ ንጹሕ ውሃ ነው» አለች። የሳጥኑ ውሃም ከቤቱ ጀርባ ባለው ቦይ እየተደፋ ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር። እንግዲህ ቅዳሜ ለታ ሁለታችንም፣ ደሎ መና የሚሄድ የዘመድ መኪና ላይ ተሳፈርን። ዓሣ የት መኖር እንደሚችል በዓይኗ ትይ፣ በእጇም ትለካ ብዬ ነው።

ሳነቲ ላይ ከመንገዱ ዳር ካለ ሰርጥ ውሃ ለካን፤ 7 ዲግሪ። እጇን አስገብታ ጮኸች። ከሰሜን በኩል ባሉት የወይብና የዳንካ ወንዞች ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ በኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ላይ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ እንዲህ ያለውን ብርድ ይወዳል። ጋፒ ግን አንድ ሌሊት አያድርም።

ነፋሱ ፊታችንን እየገረፈን ሳለ አንዲት ቀይ ቀበሮ ከጅብራዎቹ መካከል ብቅ አለች። ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን አቁማ ቆመች። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ ነው የቀሩት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በወይብ ሸለቆ በጅምላ መሞት ሲጀምሩ ገዳዩ የታወቀው ሬሳ ተፈልጎ፣ ከአንጎላቸው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ከከብት ጠባቂዎች ውሾች የመጣ። በ2006 እና በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ነበር። በመልክ ተመሳሳይ ሞት፣ የተለያየ ገዳይ፤ ምርመራ ባይኖር በአንድ ስም ይጠሩት ነበር። መልሱ ከታወቀ በኋላ ነው ውሾቹንም ቀበሮዎቹንም መከተብ የተቻለው፤ ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ተሸፍኖ የሚሰጥ የአፍ ክትባት አለ። ለልጅቷ የደብተሯ ዝርዝር ከዚህ እንደማይለይ ነገርኳት። ደስ አላት።

ከዚያ ቁልቁለቱ። የሃረና ጉም እንዲህ ነው ብሎ መግለጽ ይከብዳል። ከነፋሱ ወደ ጸጥታ በአንዴ ነው የምትገቡት። የአስታ ዛፎቹ ከቅርንጫፋቸው የዛፍ ሽበት አንጠልጥለው እንደ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ጠብታው ከላይ ዝናብ ሳይኖር ይንጠባጠባል። ዝቅ ሲል ኮሶ፣ ቀርከሃ፣ ከዚያም ግንዳቸው በአምስት ሰው የማይታቀፍ ዛፎች። በየዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ከታች በኩል ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና በጥላ ሥር ይበቅላል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚህ ተራራ የሚነሱት ወይብ፣ ሻያ፣ ወልመልና ያዶት እስከ ሶማሌ ቆላ ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣሉ።

ሪራ ላይ ውሃው 12 ዲግሪ ነበር። ቡና የጠጣንበት ቤት ጎን አንድ ምንጭ አለ፤ ልጅቷ ሙስ የለበሰ ድንጋይ አንስታ «ለሳጥኔ» አለች። እምቢ አልኳት። ምክንያቱን ለመናገር ወሬውን ወደ እንቁራሪት ማዞር ነበረብኝ።

ሃረና በቀበሮና በቡና እንጂ በእንቁራሪት አይታወቅም፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም እዚህ ያሉት ከነዘር ማንዘራቸው የትም የሉም። ማልኮም ላርገን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከሪራ በታች ባለው ካቻ አካባቢ የተገኘች አንዲት አጭር አንገት፣ ድንቡሽቡሽ እንቁራሪት እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ጋር ለሳይንስ አስተዋወቀ፤ ስሟ ባሌን ይዟል። በ1991 ደግሞ ከአስታው ደን ጅረቶች ዳር የምትኖር ሌላ ትንሽ እንቁራሪት ጨመረ። እነዚህ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አንድ ወገን ናቸው፤ አክስትም አጎትም በሌላ አገር የላቸውም። ከላይ ያለችው የባሌ ጉርጥ ደግሞ ከጉርጥ ወግ ወጥታ እንቁላሏን በውሃ ሳይሆን በእርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች።

ዴቪድ ጋወርና ሳይመን ሎደር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ፍጥረታት ፍለጋ ወደ ባሌ ተመላለሱ። ያደረጉት ነገር እኔን ነርሷን የሚገባኝ ነው፤ የድሮ መዝገቦችን ከፍተው፣ በየዓመቱ ስንት ሰዓት ተፈልጎ ስንት እንደተገኘ አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤታቸው ደስ አይልም። ድሮ በቀላሉ የሚገኙት በብዙ ፍለጋ ጥቂት ብቻ ተገኙ፤ አንዷ ጉርጥ ከ2003 ወዲህ ጭራሽ አልታየችም። የደኑ መመንጠር፣ እሳቱ፣ የከብቱ ግጦሽ በዓይን የሚታይ ጥፋት ነው። ነገር ግን ደኑ ባልተነካበት ቦታም መቀነሳቸው ሌላ ጥያቄ አስነሳ። በ2012 የታተመው ሌላው ጥናት ቆዳቸውን በጥጥ ጠርጎ መርምሮ ነበር፤ በአገራችን ደጋዎች ባሉ ብዙ ዓይነት እንቁራሪቶች ላይ አንድ ፈንገስ በብዛት ተገኘ። እነዚያን የባሌዎቹን የገደለው እሱ ብቻ ነው ተብሎ አልተፈረደም፤ መኖሩ ግን ተረጋግጧል።

ይህ ፈንገስ የዓለም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ እንቁራሪቶችን በጅምላ ሲገድል ተደረሰበት፤ በቀጣዩ ዓመት ስም የወጣለት ዋሽንግተን በሚገኝ መካነ አራዊት፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ትኖር ከነበረች ሰማያዊ እንቁራሪት ላይ ተወስዶ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት ቢያንስ 501 ዝርያዎች በእሱ ምክንያት መቀነሳቸውን፣ 90 ያህሉ ደግሞ ጨርሶ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ አስልቷል።

አገዳደሉን ላስረዳ። እንቁራሪት በቆዳዋ ትጠጣለች፣ በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ የደሟን ጨውም በቆዳዋ ትቆጣጠራለች። ፈንገሱ ቆዳውን ያወፍረዋል። ሶዲየምና ፖታሲየም ከደሟ ይወርዳሉ፣ ልቧ ይቆማል። ከባድ ተቅማጥ ያለበት ሕጻን ፖታሲየሙ ወርዶ ልቡ ሲዛባ ያየ ነርስ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፈንገሱ ከ4 እስከ 25 ዲግሪ ያድጋል፤ ከ28 በላይ ይዳከማል። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ የሪራን ቁጥር አሳየችኝ፤ 12። እንግዲህ ይመቸዋል ማለት ነው።

እንዴት በዓለም ዞረ? ሰው አዞረው። እንቁራሪት በሣጥን ታሽጋ ለጌጥ፣ ለምግብ፣ ለቤተ ሙከራ ትሸጣለች። እኔ ባልደርስበትም አስተማሪዎቻችን ይነግሩን ነበር፤ ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ እርግዝና የሚመረመረው የሴቲቱን ሽንት ከደቡብ አፍሪካ በመጣች እንቁራሪት ላይ በመውጋት ነበር። በማግስቱ እንቁላል ከጣለች ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ናት። በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁራሪቶች በዚህ ሰበብ ባሕር ተሻግረዋል። በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት የፈንገሱን መነሻ ወደ ኮሪያ ልሳነ ምድር ቢያመለክትም፣ ያሰራጨው የሰው ንግድ መሆኑ ላይ ጥርጥር የለም። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ ተክሉ፣ ጭቃው ይሸከመዋል።

ስለዚህ ከሪራ ድንጋይ ወደ ሮቤ አይሄድም፤ ከሮቤ ሳጥንም ውሃ ወደ ሻያ አይሄድም። የሳጥን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ፣ ከወንዝ ርቆ ይደፋል፤ የሞተ ዓሣ ይቀበራል። የታመመ ዓሣ የነበረበት ዕቃ በበረኪና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። «ጋፒዎቹ ግን ምን ይሁኑ?» አለችኝ። ያንቺ ናቸው፣ አንቺው ታኖሪያቸዋለሽ አልኳት።

ደሎ መና ስንደርስ ያዶት ወንዝ ላይ 22 ዲግሪ አነበበች። «እዚህ ይኖራሉ!» አለች። ይኖራሉ፤ እንዲያውም ይራባሉ፣ ችግሩም እሱ ነው። ጋፒ ለወባ ትንኝ መከላከያ ተብሎ በብዙ አገር ተለቅቆ የአገሩን ትንንሽ ዓሦች ቦታ ወስዷል። በአንድ ቀን መንገድ ላይ ከ7 ወደ 22 ዲግሪ መውረዳችንን ደብተሯ ላይ በመስመር ሣለችው፤ ሮቤ የሚጎበኛት ሁሉ አሁን ያን ሥዕል እንዲያይ ይገደዳል።

ስንመለስ ሪራ አቅራቢያ አንድ ቀፎ ያወረዱ አዛውንት አገኘን። ማር ልንገዛ ቆምን። የእኔ ኦሮምኛ ጤና ጣቢያ የተማርኩት ነው፤ «የት ያምዎታል? ስንት ቀን ሆነዎት?» ከማለት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሾፌሩ አስተረጎመኝ። ስለ እንቁራሪት ስጠይቃቸው ሳቁ። ማር ልትገዛ የመጣች ሴት ስለ እንቁራሪት ስትጠይቅ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አሰብ አድርገው፣ በልጅነታቸው በክረምት ከጅረቱ ዳር ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ እንደነበረ፣ አሁን ዝናቡ ብቻ እንደሚሰማቸው ተናገሩ። የአንድ ሰው ትዝታ መረጃ አይሆንም፤ ድምፁም የየትኛው እንቁራሪት እንደነበረ እሳቸውም እኔም አናውቅም። ልጅቷ ግን ጻፈችው፤ ቀን፣ ቦታ፣ የተናጋሪው ዕድሜ።

«መድኃኒት የለውም ወይ?» አሉ አዛውንቱ። በቤተ ሙከራ እንቁራሪቷን የፈንገስ መድኃኒት በተሟሟበት ውሃ እየነከሩ ያድኗታል፤ ለሰው ጥፍር ፈንገስ የምንሰጠው ዓይነት ነው። ደን ግን ነክረህ አታወጣውም። የሚቻለው አለማዛመት ነው፤ ተመራማሪዎቹም ከአንድ ጅረት ወደ ሌላው ሲያልፉ ጫማቸውን ይፍቃሉ፣ ያደርቃሉ፣ ፀረ ተሕዋስያን ውስጥ ይነክራሉ። ፈንገሱ ድርቀት አይችልም።

ሾፌሩ ይህን ተርጉሞ ሲጨርስ የእኔንና የልጅቷን ጫማ አየ፤ የሪራ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ከወንበር ሥር ብሩሽ አውጥቶ ሰጠን። ከጅረቱ ርቀን፣ ሣር ላይ ተቀምጠን ፍቀን ጨረስን። «ማዘር፣ ጎማውስ?» አለኝ። ጎማውም አልኩት። ማሩን አስይዞኝ ብሩሹን ተቀበለኝና ጎንበስ አለ።